ማዕድ ቤታችንን ማን ለካው?

በምንኖርበት በአሜሪካ ቤት የተከራየም ሆነ የገዛ ሰው ማዕድ ቤቱ ገብቶ ሜትር ቢዘረጋ፣ በየትኛውም ከተማ ቢሆን አንድ ዓይነት ቁጥር ያገኛል። ሽንኩርት የምንከትፍበት፣ ሊጥ የምናቦካበት ካውንተር ከወለሉ 36 ኢንች፣ ማለትም 91 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ቤቱ ሲያትል ይሁን አትላንታ፣ የቤቱ እመቤት ረጅም ትሁን አጭር፣ ልኩ ያው ነው። ሲንኩ፣ ስቶቩና ፍሪጁም በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም፤ በመካከላቸው ያለው እርምጃ ታስቦበት የተቆጠረ ነው።

ለመሆኑ ይህን ልክ ማን አወጣው? ሲያወጣውስ በዓይነ ኅሊናው የነበረችው ሴት ማን ነበረች? የማኅበራችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በሚወጣ መጽሔት ላይ ስለ ማዕድ ቤት መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀላል ነገር መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን የአሥር ዓመቱ ቃለ ጉባኤ በአዳራሽ ይጻፍ እንጂ፣ የእንቁጣጣሹም፣ የገናውም፣ የለቅሶውም ምግብ የተሰናዳው በየአባላቱ ማዕድ ቤት ነው። በመሆኑም ይህ ክፍል ከየት ተነሥቶ ይህን መልክ እንደያዘ መጠየቅ የራስን ታሪክ መጠየቅ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሦስት ጉልቻ እንነሣ

በገጠሩ ያገራችን ክፍል ማዕድ ቤት የሚባል ራሱን የቻለ ክፍል ላይኖር ይችላል፤ ሦስት ጉልቻ ተጎልቶ እሳት የነደደበት ቦታ ሁሉ ማዕድ ቤት ነው። በከተማና በባለጸጋው ቤት ደግሞ ማዕድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ ይሠራል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። ክዳኑ ሣር በሆነ ቤት እሳት ያስፈራል፤ ጭሱ ያፍናል፤ የቁሌቱ ሽታ በእንግዳ ልብስ ላይ ያድራል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላው ምክንያት ግን የሚሠሩት ሰዎች ከእንግዳ ዓይን እንዲርቁ መፈለጉ ነው። ሥራው እንዲቀርብ እንጂ ሠራተኛይቱ እንድትታይ አይፈለግም ነበር።

በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ቤት ሥራው ከዚህም በላይ የተከፋፈለ ነበር። ወጡ የሚሠራበት፣ እንጀራው የሚጋገርበት፣ ጠጁ የሚጣልበት ቤት የተለያየ ነበር፤ ለየሥራውም ባለሙያና ኃላፊ ነበረው። እቴጌ ጣይቱ በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያሰናዱት ታላቅ ግብር እስከ ዛሬ ድረስ የሚነሣው እንዲህ ያለው የሥራ ሥርዓት ምን ያህል ሕዝብ ሊያበላ እንደሚችል ስላሳየ ነው።

የቀድሞውን ሁሉ እያደነቅን ብቻ እንድንቀር አልፈልግም። ጭሱ ለሣሩ ክዳን ቢበጅ ለእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ አልበጀም። የዓለም ጤና ድርጅት በግምቱ እንዳሳወቀው፣ በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕመም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሕይወቱን አጥቷል። በ1990ዎቹ ባገራችን የተስፋፋው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ታላቅ ሥራ ነው የሚባለውም እሳቱን ከብቦ በመያዝ የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ስለቀነሰ ነው።

ይሁን እንጂ ያ ጭሳም ቤት ማንም በወረቀት ያልነደፈው አንድ ንድፍ ነበረው፤ ለብዙ ሰው የተሠራ ነበር። አንዷ ምጣዱ ላይ ናት፤ ሌላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ጎረቤቷ ቡና ትቆላለች፤ ልጅ ውኃ ያቀብላል። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ተቀምጦ ነው። ጨዋታው፣ ምክሩ፣ ሐሜቱ፣ የእርግዝናው ወሬና የሐዘኑ እንባ ሁሉ እዚያው ነው። ይህን ነጥብ በልባችን ይዘን ወደ ምዕራቡ ዓለም ታሪክ እንሻገር።

ሁለት መንገዶች

በአሜሪካ የዘመናዊው ማዕድ ቤት ታሪክ ሲነገር መጀመሪያ የምትጠራው ካትሪን ቢቸር ናት። እርሷና እኅቷ ሃሪየት ቢቸር ስቶው በ1869 ስለ አሜሪካዊት ሴት ቤት አያያዝ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ካትሪን የእንፋሎት መርከብን ማዕድ ቤት አይታ ተደንቃ ነበር። በመርከብ ላይ አንድ ወጥ ቤት በጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ብቻ እየተራመደ ለ200 ሰው ያበስላል። ታዲያ አንዲት ሴት ለአንድ ቤተሰብ ለማብሰል ቀኑን ሙሉ ከጓዳ ወደ ጉድጓድ፣ ከጉድጓድ ወደ ምድጃ ለምን ትመላለሳለች? በማለት ዱቄቱ፣ ውኃው፣ መክተፊያው ሁሉ በእጅ ርቀት የሚገኝበትን ማዕድ ቤት ነደፈች። ምድጃውንም ሙቀቱና ሽታው እንዳይረብሽ ከመሥሪያው ክፍል በሚንሸራተት የመስታወት በር ለየችው።

በዚያው ሰሞን ሌላይቱ አሜሪካዊት ሜሉሲና ፌይ ፒርስ ፍጹም የተለየ አሳብ ይዛ ተነሣች። ችግሩ ማዕድ ቤቱ አለመስተካከሉ አይደለም፤ እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ መሥራቷ ነው አለች። የአንድ ሰፈር ሴቶች ተባብረው በአንድ ቦታ ያብስሉ፣ ይጋግሩ፣ ይጠቡ፤ የሥራቸውንም ዋጋ ባሎቻቸው ይክፈሉ የሚል ነበር ትምህርቷ። በ1870 በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ እንዲህ ያለ ማኅበር ቢቋቋምም በዓመቱ ተዘጋ። ለመዘጋቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የባሎች ተቃውሞ ነው። በ1901 ደግሞ በጀርመን አገር ሊሊ ብራውን ከ50 እስከ 60 የሚሆኑ ቤተሰቦች በአንድ ሕንጻ እየኖሩ አንድ የጋራ ማዕድ ቤት እንዲኖራቸው ጻፈች።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ሁለት መንገዶች ተከፍተው ነበር ማለት ነው። አንደኛው አንዲት ሴት ለብቻዋ በፍጥነት የምትሠራበት የተስተካከለ ክፍል፤ ሁለተኛው ብዙዎች አብረው የሚሠሩበት የጋራ ቤት። ታሪክ የተከተለው የመጀመሪያውን ነው። ዛሬ የምንቆምበት ካውንተርም የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው።

ሰዓት የተያዘበት ሥራ

ከዚያ በኋላ የመጣው የፋብሪካ ዘመን ነው። ፍሬደሪክ ቴይለር የሚባለው መሐንዲስ የፋብሪካ ሠራተኛን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለካ ሥራ ማፋጠንን አስተምሮ ነበር። ክሪስቲን ፍሬደሪክ የተባለች ደራሲ ይህንኑ ዘዴ ወደ ቤት አስገባችው። በ1912 በታዋቂ የሴቶች መጽሔት ላይ ባወጣቻቸው ተከታታይ ጽሑፎች አንዲት ሴት ዕቃ ስታጥብ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ እየቆጠረች፣ ምድጃው የት ሳህኑም የት መቀመጥ እንዳለበት አሳየች።

መጽሐፏ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጀርመንኛ ተተረጎመና በአንዲት ወጣት ኦስትሪያዊት እጅ ገባ። ይህች ወጣት በ1897 በቪየና የተወለደችው ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ናት። ያን ጊዜ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በጀርመን ከተሞች ከባድ የመኖሪያ ቤት እጥረት ነበር። የፍራንክፈርት ከተማ ኤርንስት ማይ በተባለው አርክቴክት መሪነት ለሠራተኛው ሕዝብ በብዛት ቤት ሲያሠራ የማዕድ ቤቱ ንድፍ ለማርጋሬተ ተሰጣት። እርሷም በ1926 «የፍራንክፈርት ማዕድ ቤት» ተብሎ ዓለም የሚያውቀውን ነደፈች።

ክፍሉ ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ነበር። አርአያዋ የባቡር ምግብ ቤት ነው፤ ሠራተኛው በጠባብ መተላለፊያ ቆሞ ለብዙ መንገደኛ የሚያበስልበት። ለዱቄት፣ ለስኳር፣ ለሩዝ መቆንጠጫ ጆሮ ያላቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ነበሩ። የዱቄቱ መሳቢያ ትል እንዳይገባው ከኦክ እንጨት ተሠራ። የመተኮሻ ጣውላው ከግድግዳ የሚታጠፍ፣ በርጩማው የሚሽከረከር ነበር። እንጨቱም ዝንብ ያርቃል ተብሎ ስለታመነ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። 10,000 ያህል ቤቶች ይህ ማዕድ ቤት ገባላቸው። የሚገርመው፣ ማርጋሬተ ይህን እስክትነድፍ ድረስ ምግብ አብስላ እንደማታውቅ ኋላ ራሷ ተናግራለች።

ዓላማዋ ክፉ አልነበረም። ሴቲቱ ሥራዋን ቶሎ ጨርሳ ለልጆቿ፣ ለንባቧና ለደመወዝ ሥራዋ ጊዜ እንድታገኝ ነበር የፈለገችው። ነገር ግን ክፍሉ ለአንድ ሰው ብቻ የተለካ ሆነ። ሁለት ሰው ቢገባበት ይጋጫል፤ ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ ባል ልርዳ ቢል እንኳ መቆሚያ የለውም። አንዳንድ ነዋሪዎች የለመዱትን የመመገቢያ ጠረጴዛ በግድ ሊያስገቡበት ይታገሉ ነበር። በ1970ዎቹ ለሴቶች መብት የተሟገቱ ጸሐፊዎች ይህ ንድፍ ሴቲቱን ከቤተሰቧ ነጥሎ ለብቻዋ ዘጋባት ሲሉ ነቅፈውታል። ማርጋሬተ በናዚዎች ላይ በተካሄደው ትግል ተሳትፋ ከ1941 እስከ 1945 በእስር ቤት ቆይታለች። በ2000 ስታርፍ 103ኛ ዓመት ልደቷን ልታከብር የቀሩት ጥቂት ቀናት ብቻ ነበሩ።

ሦስት ማዕዘንና 36 ኢንች

ወደ አሜሪካ እንመለስ። ሊሊያን ጊልብረዝ የ12 ልጆች እናት፣ መሐንዲስና የሥነ ልቡና ምሁር ነበረች። ባሏ በ1924 በድንገት ሲሞት፣ በዚያ ዘመን ፋብሪካዎች ሴት መሐንዲስ ለመቅጠር ስላልፈቀዱ ዕውቀቷን ወደ ማዕድ ቤት አዞረች። በ1929 ለአንድ የብሩክሊን የጋዝ ኩባንያ ባዘጋጀችው ናሙና ማዕድ ቤት ስቶቩን፣ ካውንተሩንና ፍሪጁን አቀራርባ አስቀመጠች። አሳቧ በሙከራ ሲፈተን፣ በአሮጌው አሠራር አንድ የእንጆሪ ኬክ ለመሥራት 281 እርምጃ የሚጠይቀው ሥራ በ45 እርምጃ አለቀ። በእግር ተረግጦ የሚከፈተው የቆሻሻ ማጠራቀሚያና በፍሪጅ በር ላይ ያሉት መደርደሪያዎች የእርሷ ሥራዎች እንደሆኑ ይነገራል።

በ1940ዎቹ ደግሞ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ስለ አነስተኛ ቤቶች የሚያጠና ክፍል ይህን አሳብ ወደ ደንብ ለወጠው። ሲንክ፣ ስቶቭና ፍሪጅ የሦስት ማዕዘን ጫፎች ይሁኑ፤ እያንዳንዱ ጎን ከ4 እስከ 9 ጫማ፣ ሦስቱ ጎኖች ሲደመሩም ከ26 ጫማ አይብለጡ የሚለው ደንብ ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬም ቤት ሠሪው ሁሉ ይህን ያውቃል።

የካውንተሩ ከፍታስ? ክሪስቲን ፍሬደሪክም ሊሊያን ጊልብረዝም ያስተማሩት የመሥሪያው ከፍታ በባለቤቷ ቁመት ልክ እንዲሆን ነበር። ይሁን እንጂ ካቢኔት በፋብሪካ በብዛት መመረት ሲጀምር፣ ስቶቩም፣ ሲንኩም፣ ካውንተሩም ሳይቆራረጥ በአንድ መስመር እንዲሄድ ተፈለገ። ያን ጊዜ ለሁሉም አንድ ቁመት ተቆረጠ፤ እርሱም 36 ኢንች ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ለእያንዳንዷ ሴት ያሉትን ፋብሪካው ለማንም አደረገው ማለት ይቻላል።

ግድግዳው ፈረሰ፣ ቀለሙም ተለዋወጠ

አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1930ዎቹ አጋማሽ በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ ለአንድ ቤተሰብ በሠራው አነስተኛ ቤት ማዕድ ቤቱን ከመመገቢያው ቦታ ጋር አገናኘው። ሠራተኛ በሌለበት ቤት የምታበስለው ሴት ከቤተሰቧ ለምን ትለያለች ከሚል አሳብ የተነሣ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ አሠራር እየተስፋፋ ሄዶ ዛሬ ክፍት ማዕድ ቤትና በመካከሉ የሚቆመው «አይላንድ» የሁሉም ሰው ምኞት ሆኗል።

ማዕድ ቤት የፖለቲካ መከራከሪያ የሆነበትም ጊዜ ነበር። በሐምሌ 1959 በሞስኮ በተከፈተው የአሜሪካ ኤግዚቢሽን ምክትል ፕሬዚዳንት ኒክሰንና የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ በአንድ ቢጫ የናሙና ማዕድ ቤት ፊት ቆመው፣ የትኛው ሥርዓት ለሕዝቡ ይበጃል በማለት በጋዜጠኞች ፊት ተከራክረዋል።

የፋሽኑ ነገር ግን ማቆሚያ የለውም። ፎርሚካ የሚባለው የካውንተር ልባስ በ1913 ሲጀመር ለኤሌክትሪክ መሣሪያ መከለያ ነበር፤ ስሙም «በማይካ ምትክ» ማለት ነው። ኋላ በ1950ዎቹ ካውንተሩን ሁሉ አለበሰ። በዚያን ጊዜ ሮዝና ውኃ ሰማያዊ ተወደደ፤ በ1970ዎቹ የአቮካዶ አረንጓዴና የመኸር ወርቃማ ፍሪጅ ያልገዛ እንደ ኋላ ቀር ይታይ ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግራናይትና የማይዝግ ብረት ነገሠ፤ በ2010ዎቹ ነጭ ካቢኔትና ነጭ ሸክላ መጣ። ይህም ነጭ ሸክላ አዲስ አይደለም፤ በ1904 የኒው ዮርክ የምድር ባቡር ጣቢያዎች የተለበጡበት ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው የአባቶች ተረት እዚህ ላይ ይሠራል።

ፋሽን ሲከተሉ የሚታይም የማይታይም ዋጋ አለ። በቅርብ ዓመታት በጣም የተወደደው ሰው ሠራሽ የኳርትዝ ድንጋይ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ሊኖረው ይችላል። ድንጋዩ በቤታችን ተገጥሞ ሲቀመጥ አይጎዳም፤ ሲቆረጥና ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ግን የሠራተኞችን ሳንባ ይገድላል። በካሊፎርኒያ በዚህ በሽታ ከተያዙት አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሠራተኞች ናቸው። አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ድንጋይ አግዳለች። የእኛ ወገኖችም በግንባታ ሥራ ስለሚሰማሩ ይህን ማወቅ ይገባናል።

እኛና የሰው ልክ

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሌላ ሕዝብ ታሪክ ይመስላል። ነገር ግን በየቀኑ በሰውነታችን የምንሸከመው እኛ ነን። ጥቂት ምሳሌዎችን ልጥቀስ።

አንደኛው የእንጀራችን ስፋት ነው። ባገር ቤት የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወርዱ 58 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን እስከ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። የአሜሪካ ማዕድ ቤት ተራ ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ ከ1,800 ዋት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ አብዛኞቻችን የምንጋግርበት ክብ ምጣድ ወርዱ 16 ኢንች፣ ማለትም 41 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ኃይሉም 1,500 ዋት ገደማ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ለእኩል ስፋት የሚደርሰው ሙቀት በሁለቱም ላይ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ እንጀራችንን ያሳነሰው የባለሙያ ማነስ ሳይሆን ሶኬቱ ነው። ከዚህም የሚያስገርመው፣ ብዙዎቻችን የያዝነው ይህ ምጣድ መጀመሪያ የተሠራው ከኖርዌይ ለመጡ ስደተኞች ልጆች «ሌፍሳ» የሚባለውን ስስ ቂጣ እንዲጋግሩበት ነው። ከእኛ በፊት የመጣ ስደተኛ ለእናቱ ምግብ ያሠራው ዕቃ ለእኛ እናቶች ተረፈ።

ሁለተኛው ጭሱና ሽታው ነው። ክፍቱ ማዕድ ቤት የተነደፈው ሲበስል ብዙም ለማይሸት ምግብ ነው። ቁሌት በሚቁላላበት፣ ቅቤ በሚነጠርበት፣ ቡና በሚቆላበት ቤት ግን ሽታው ሶፋው ውስጥ፣ ካፖርቱ ውስጥ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ልጆቻችን በዚህ ሲሳቀቁ ያላየ ወላጅ ጥቂት ነው። በብዙ የኪራይ ቤቶች ከስቶቩ በላይ ያለው ማራገቢያ አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ወደ ቤት የሚለቅ እንጂ ወደ ውጭ የሚያወጣ አይደለም። የጭስ ማስጠንቀቂያውም ቡና በቆላን ቁጥር ይጮኻል። ችግሩ የምግባችን ሳይሆን የማራገቢያው ነው።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። ልጅ ለማሳደግ ካገር ቤት የመጡ እናቶቻችን ዕድሜያቸውን በሙሉ ዱካ ላይ ተቀምጠው የሠሩ ናቸው። እዚህ ሲመጡ 36 ኢንች ካውንተር ፊት ሰዓታት ይቆማሉ፤ ትከሻቸውን ከፍ አድርገው ይከትፋሉ፤ ማታ ወገባቸውን ያማቸዋል። «አሜሪካ አልተስማማኝም» ሲሉ እንሰማለን። ያልተስማማው አንዳንዴ አገሩ ሳይሆን ካውንተሩ ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ብቸኝነቱ ነው። ከላይ እንዳየነው ይህ ማዕድ ቤት ለአንድ ሰው የተለካ ነው። እኛ ደግሞ ልኩን ብቻ ሳይሆን ልማዱንም ይዘንለት መጣን፤ ማዕድ ቤት የሴት ነው የሚለውን። ያገር ቤቷ ሴት ግን ቢያንስ ጎረቤት፣ እኅት፣ ሠራተኛ በዙሪያዋ ነበሩ። እዚህ ሁለቱም ባልና ሚስት የደመወዝ ሥራ ውለው ሲገቡ ከሁለቱ አንዷ ብቻ ለሌላ ፈረቃ ትቆማለች፤ ለብቻዋ። በሁለቱ ዓለማት ካለው ሸክም የከበደውን ወሰድን፤ ከሁለቱ ዓለማት ካለው ማቅለያ ግን አንዱንም አልወሰድንም።

የተረሳው መንገድ

ሜሉሲና ፌይ ፒርስ የከፈተችው መንገድ ጨርሶ አልጠፋም። በአዲስ አበባ ከ2004 ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሲሠሩ፣ በፎቅ ክፍል ውስጥ ፍየል ማረድና ብዙ እንጀራ መጋገር እንደማይቻል ስለታወቀ በየግቢው ለነዋሪዎች የጋራ ቤት ተሠርቷል። አሠራሩ በየቦታው ቢለያይም አሳቡ የራሳችን ነው።

በሌላም በኩል ከማዕድ ቤት ፋሽን አዲሱ ወሬ ሁለተኛ ማዕድ ቤት ነው። በቫንኩቨርና በካሊፎርኒያ ቤት ሠሪዎች ለእስያውያን ገዢዎች በር የሚዘጋ፣ ጠንካራ ማራገቢያ ያለው ተጨማሪ ማዕድ ቤት ይሠራሉ። ባለጸጋ አሜሪካውያንም ክፍቱን ማዕድ ቤት ለእንግዳ ትተው ከኋላው ሌላ ያሠሩ ጀምረዋል። ያ ከቤት ተለይቶ በጓሮ የነበረው ማዕድ ቤታችን ዞሮ ዞሮ የቅንጦት ዕቃ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። ሆኖም እንጠንቀቅ። በዐረብ አገሮች በብዙ ግቢዎች ከዋናው ቤት የተለየ ማዕድ ቤት አለ፤ በዚያ ውስጥ ከዓይን ርቀው የሚሠሩት ብዙዎቹ የእኛ እኅቶች ናቸው። ሽታን የሚያርቅ ግድግዳ ሰውንም ሊያርቅ ይችላልና።

ምን ይበጃል?

በዋሽንግተን ያለውን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም የጎበኘ ሰው የታዋቂዋን የምግብ ባለሙያ የጁልያ ቻይልድን ማዕድ ቤት አይቶ ይሆናል። ጁልያ በ2001 ለሙዚየሙ የሰጠችው ይህ ማዕድ ቤት በ1961 በኬምብሪጅ ሲሠራ ባሏ ፖል ካውንተሩን 38 ኢንች አደረገው፤ ምክንያቱም ጁልያ ከ6 ጫማ በላይ ረጅም ነበረች። በአሜሪካ እጅግ የተከበረው ማዕድ ቤት ደንቡን ያልጠበቀ ነው ማለት ነው። ለረጅሟ ሁለት ኢንች መጨመር ከተቻለ፣ ለአጭሯ መቀነስ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ማዕድ ቤት ለማደስ ያሰበ አባል ከቀለሙ በፊት አራት ነገር ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። የሚሠራው ሰው ክርን ከወለል ስንት ኢንች ነው? መክተፊያው ከክርን ጥቂት ኢንች ዝቅ ማለት አለበት፤ ሊጥ የሚታሽበት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ተቀምጦ የሚሠራበት አንድ ዝቅ ያለ ቦታም ይኑር። ማራገቢያው ጭሱን ወደ ውጭ ያወጣል ወይስ መልሶ ያስገባል? ለትልቅ ምጣድ የሚበቃ የ240 ቮልት መስመር በፈቃድ ባለው ባለሙያ ማስገባት ይቻላል? በመጨረሻም፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ይሠራበታል ወይ? ተከራይ የሆነ ደግሞ ዝቅ ያለ ጠንካራ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ማዕድ ቤቱ አጠገብ በማኖር ብቻ የእናቱን ወገብ ሊያሳርፍ ይችላል።

ከአራቱ የመጨረሻው ጥያቄ ገንዘብ አይጠይቅም። ግድግዳ ማፍረስም አያስፈልገውም፤ ሁለተኛውን ሰው ብቻ ይጠይቃል። ያ ሰው ባል ሊሆን ይችላል፤ ወንድ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ተራ ገብተው በአንዱ ቤት ለሳምንቱ የሚጋግሩ ሦስት ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ማኅበራችን በየበዓሉ እናቶችን ሰብስቦ ሲያበስል የታየው ነገር ይኸው ነው፤ ያን ዕለት ሥራው ይበዛል እንጂ ማንም ስለ ድካም ሲያወራ አይሰማም። ለሁለተኛው አሥር ዓመት ማኅበራችን የራሱ አዳራሽ እንዲኖረው እየተመኘን ነው። ምኞታችን ሲሰምር ንድፉ ላይ መጀመሪያ የሚለካው መድረኩ ሳይሆን ማዕድ ቤቱ ይሁን፤ ሜትሩንም ይዘው የሚለኩት የሚያበስሉት ይሁኑ።